የሸክላው ርክክብ

«ጊዜ ያለፈባቸውን ለይቼ አወጣኋቸው» ሲሉ ሰማቸው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ገመድ መታጠቢያ ቤት ቆሞ ጥርሱን ይቦርሻል፣ አማቱ ከግድግዳው ማዶ ከእህታቸው ጋር በስልክ ያወራሉ። አማቱ ሠላሳ አንድ ዓመት የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸውና፣ ሌላው ሰው ስለ ፀሐይና ዝናብ እንደሚያወራው እሳቸው ስለ ጊዜ ማለፍ ያወራሉ፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ለምዶታል። ገመድም ጆሮ ሳይሰጠው መቦረሹን ቀጠለ። «ምን ልበልሽ፣ አንዳንዱ እኮ ሠላሳ ዓመት የሞላው ነው። ሽፋኑ ላይ የራስ ቅል የተሣለበት ሁሉ አለ፤ እኔማ መጀመሪያ መርዝ መስሎኝ ደንግጬ ነበር» ሲሉ ግን ብሩሹ አፉ ውስጥ ቆመ። በዚያ ቤት የራስ ቅል የተሣለበት ዕቃ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አፉ አረፋ በአረፋ ሆኖ መስተዋት ፊት የቆመው ራሱ ነው።

አፉን ሳይጉመጠመጥ ሳሎን ገባ። ትናንት ማታ ከሥራ ደክሞ ስለመጣ ግራ ቀኝ ሳያይ ነበር የተኛው፤ ያላየውን አሁን አየው። ያ መደርደሪያ የሃያ ዓመት ልፋቱ ነው። አራት መቶ የሚያህሉ ካሴቶችና ሲዲዎች፣ ጥቂት ሸክላዎችም ጭምር፣ ሁሉም ሜታል የሚባለው ጩኸታም የጊታር ሙዚቃ፣ በየዘራቸው ነበር የሚኖሩት፤ ትራሹ ከትራሽ፣ ብላኩ ከብላክ፣ ዱሙ ከዱም። አሁን በየረድፉ ጠርዝ ላይ ነጭ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል፤ ፕላስተሩ ላይ ደግሞ በመጋዘን ሰው ቀጥ ያለ እጅ ጽሑፍ ተጽፎበታል። የመጀመሪያው «ከምግብ በፊት» ይላል። ሁለተኛው «ከምግብ በኋላ» ይላል። ሦስተኛው «ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ» ይላል፤ እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ሴትዮዋ አልተሳሳቱም። አራተኛው ረድፍ ባዶ ነው። ሸክላዎቹ የሉም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ሸክላ የለም።

ያ ሸክላ የገመድ ብቻ አይደለም። ግማሹ የጓደኛው ነው፤ የሰው ጸጉር ሲያስተካክል የራሱን የጨረሰው፣ መላጣው የሚባለው ባለ ጸጉር ቤት። ሁለቱ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ሳለ ከአንድ የመንገድ ዳር ሻጭ፣ እያንዳንዳቸው የአራት ቀን ምሳቸውን ትተው፣ በጋራ ገዙት። ሽፋኑ ላይ ጥቁር ተራራ አለ፤ ተራራው ላይ ፍየል ይሁን ዛፍ ያልለየለት ነገር ቆሟል። የቡድኑ ስም እንደ እሾህ አጥር ተጠላልፎ ስለተጻፈ እስከ ዛሬ ማንበብ አልቻሉም፤ ማንበብ ስላልቻሉም ስልክ ላይ ሊፈልጉት አልቻሉም። ዓለም ላይ ስንት እንዳለ አያውቁም፣ እነሱ ዘንድ ያለው ግን አንድ ነው። አንድ ነገር ለሁለት ሰው ሲሆን ደግሞ ተራ ያስፈልጋልና፣ ስድስት ወር እዚህ፣ ስድስት ወር እዚያ ተባባሉ። በሽፋኑ ጀርባ ቀን ይጻፋል፣ ያስረከበው ይፈርማል፣ የተረከበው ይፈርማል። እንዲህ አድርገው በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ሠላሳ አምስት ጊዜ ተረካክበዋል፤ አንድ ቀን እንኳ ተዛንፎ አያውቅም። መላጣው ሲያገባ ቀኑ ገጥሞበት ሙሽራዋን ፎቶ አንሺው ጋ ትቷት ሄዶ አስረክቧል። ሠላሳ ስድስተኛው ርክክብ ዛሬ ነው፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጸጉር ቤቱ ሲዘጋ።

በደህናው ጊዜ ቢሆን «ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ጉድ ገጠመኝ» ብሎ ይነግረው ነበር። ችግሩ ከተነጋገሩ ሦስት ወራቸው ነው። የተጣሉትም በዚሁ ሸክላ ነው። ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዱም የሚባለው ቀርፋፋው ሜታል ነው፤ ቁም ሣጥን ተሸክሞ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው እያቃሰተ ይሄዳል። ዴዝ የሚባለው ፈጣኑ ነው፤ ያው ቁም ሣጥን ከደረጃው ሲንከባለል ነው። ገመድ ሸክላው ዱም ነው ይላል። መላጣው ዴዝ ነው ይላል። አንድ ላይ ቁጭ ብለው ሰምተውት አያውቁም፤ ሲገዙት ማጫወቻ አልነበራቸውም፣ ማጫወቻ ሲያገኙ ደግሞ ሚስት ነበራቸው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ በየቤቱ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ነው የሚሰማው። መላጣው በደንበኞቹ ፊት «ዱም ብሎ ነገር፤ አንዱ ፊት እኮ አንድ ጸጉር ቆርጬ ሳልጨርስ ያልቃል» አለ። ገመድ ደግሞ «እኔ ምሳዬን በልቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ጋደም ብዬም አያልቅም። እጅህ ቀርፋፋ መሆኑን አታውቅም እንዴ?» አለው። ባለሙያን በሙያው መንካት ጥሩ አይደለም፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ ሳይቀር ደነገጠ። «ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር ሰው ጆሮው ቢደፈን አይገርምም» አለ መላጣው፣ ቶንዶሱን አጥፍቶ፤ ገመድ ሊፍት ጠጋኝ ነውና። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለም። እንግዲህ ገመድ ዛሬ ባዶ እጁን ቢሄድ መላጣው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቂም ሸጠው ብሎ።

አማቱን ለምን አይጠይቃቸውም ትሉ ይሆናል። አማት ናቸዋ። ጉልበታቸውን ታክመው ለሁለት ሳምንት ብለው የመጡ ጊዜ፣ ገመድ ጨዋ ልምሰል ብሎ «እማማ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው፤ እንደፈለጉ ያድርጉ» አላቸው። ሁለት ሳምንቱ ስምንት ወር ሆነ፤ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነውና ቃሉን የሚያጥፍበት መንገድ አጣ። በስምንት ወር ውስጥ በሁለቱ መካከል ያለው ወሬ ደህና አደሩ፣ ደህና ዋሉ፣ ደህና እደሩ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላል ገመድ ለራሱ፤ ሲያድግ የሰማው ምክር ይሄ ነው። ለብሶ ሲወጣ እሳቸው ሳሎኑ በር ላይ ወረቀት ይዘው ቆመዋል፣ አንድ ነገር ሊሉም ከንፈራቸውን ከፈት አድርገዋል። «ደህና ዋሉ» አለና እንደ ሌባ ሹልክ ብሎ ወጣ።

ደረጃው ላይ ሆኖ ለሚስቱ ደወለላት። ሚስቱ አውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ናት፤ ከጀርባዋ ጩኸት አለ። «ኧረ አዎ፣ ትናንት አንድ ቅጽ አስፈርማኛለች» አለችው። «ምን የሚል ቅጽ?» «የማስወገጃ ነው መሰለኝ። ሦስት ሰው መፈረም አለበት ብላ። ስማ፣ እማዬን አንድ ቃል ክፉ ብትናገራት...» ሰልፈኛ መጣባትና ዘጋችው። ሁለተኛው ፈራሚ የሕንፃው ዘበኛ ሆነው ተገኙ። ዘበኛው መፈረማቸውን አልካዱም፤ እንዲያውም ከተሾሙ ወዲህ ፊርማቸውን የጠየቀ ሰው የመጀመሪያው ይሄ በመሆኑ ኩራት ኩራት ብሏቸዋል። «ያነበብኩት ነገር የለም፤ ሴትዮዋ ግን የተማሩ ሰው ናቸው» አሉ። የቆሻሻ መኪናው ንጋት ላይ መጥቶ ሄዷል። ካርቶን ይዞ ሄዶ እንደሆነ ሲጠይቃቸው «ካርቶን የማይዝበት ቀን አለ እንዴ?» አሉት። ሦስተኛውን ፈራሚ አያውቁም።

ሥራ ቦታው ስምንት ፎቅ ያለው የቢሮ ሕንፃ ነበር። ገመድ ሊፍቱ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ፣ በጥገና ፍጥነት ቀስ እያለ፣ ከፎቅ ፎቅ ሲወርድ ሞተሩ በወፍራሙ ያቃስታል፤ ጥገናው አልቆ በሙሉ ፍጥነት ሲለቀው ያው ሞተር በቀጭኑ ይጮሃል። ይህን ድምፅ በቀን ሃያ ጊዜ ይሰማዋል፤ ሰምቶ ግን አስቦበት አያውቅም። አምስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጸሐፊ በሩ ሲከፈት ከላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን ፊቱን አይታ ምን ሆነህ አለችው፤ ሰው ሞቶበት መስሏታል። ነገራት። «አይ አንተ፣ በዚህ ዘመን ለሸክላ? ሁሉም እኮ ስልክ ላይ አለ» አለችው። ይሄን ሲሰማ ገመድ ዝምታውን ረሳ። ስልክ ላይ ያለ ሙዚቃ ላም አለኝ በሰማይ ነው አላት፤ ወተቷንም አታዪም። ሸክላ ይከብዳል፣ ይሸታል፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጭረት አለው፤ ጭረቱን ማን እንዳወጣው ታውቂያለሽ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተኮራረፋችሁም ታውቂያለሽ። ስልክ ላይ ያለውን ለጓደኛሽ ብትሰጪው አንቺ ጋም ይቀራል፤ አንቺ ጋ የቀረ ነገር ምኑ ተሰጠ? ተራ የሌለው ነገር ጓደኛም የለውም አላት። ጸሐፊዋ ሰዓቷን አየችና በደረጃ ወረደች።

የምሳ ሰዓቱን አሮጌ ዕቃ ገዢዎች ሰፈር አሳለፈው። አንደኛው ሲዲ በኪሎ ነው የሚሸጠው፤ ገበሬዎች ወፍ ማባረሪያ አድርገው ይሰቅሉታል አለ። ሁለተኛው መጋረጃ ብቻ ነው ያለው። ሦስተኛው የማጠቢያ ማሽን ላይ ተቀምጦ የሚበላ ወፍራም ሰው ነበር፤ ሸክላ ሲባል እጁን ጠረገና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ስድስት ሰዓቶች አሳየው። ሸክላዎቹን መሃላቸውን በስቶ ቆጣሪ ሰክቶባቸዋል፤ ምግብ ቤቶች ይወዷቸዋል አለ፣ አንዱ የሁለት ሰው ራት ያወጣል። ገመድ ወንበር ላይ ወጥቶ ስድስቱንም አንድ በአንድ አገላበጣቸው፤ ጭረት ፍለጋ በጣቱ ዳሰሳቸው። አንደኛው ላይ ጭረት ሲያገኝ መሃሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ወደ ብርሃን አዙሮ አነበበ። የሠርግ ዘፈን ነበር። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር፤ ስድስቱም ሰዓቶች የየራሳቸውን ይላሉ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ባዶ እጁን ጸጉር ቤቱ በር ላይ ቆመ። መላጣው የመጨረሻውን ደንበኛ አንገት በብሩሽ እያራገፈ በመስተዋቱ ውስጥ አየው። መጀመሪያ ፊቱን አላየም፣ እጁን ነው ያየው። ደንበኛው ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፣ ክዳኑም ተነቅሏል። ይህን ሲያይ ገመድ ማልቀስ ቃጣው።

«የታል?» አለ መላጣው።

«የባለቤቴ እናት...» ብሎ ጀመረ ገመድ። የመጋዘኑን፣ የፕላስተሩን፣ የራስ ቅሉን፣ የቅጹን ነገር አንድ ባንድ ነገረው፤ ሲናገረው ለራሱም ውሸት ውሸት ይለዋል። መላጣው ወለሉ ላይ ያለውን ጸጉር እየጠረገ ሰማው። የብዙ ሰው ጸጉር ነው፣ ጥቁሩም ሽበቱም፤ ወደ አንድ ጥግ ሰበሰበውና መጥረጊያውን አቆመ።

«በእናትህ፣ ሸጥኩት በለኝና ይውጣልህ» አለ። «ሸጥኩት ብትለኝ እኮ ይሻለኛል። ስድስት ወር ሙሉ ቀን እየቆጠርኩ ነው የከረምኩት። ካንተ ጋር ባልነጋገርም ሸክላው ሲመጣ አንተም ትመጣለህ ብዬ ነበር።»

«ና እንሂድና ራስህ ጠይቃቸው» አለው ገመድ፤ «እኔ አልችልም፣ አማቴ ናቸው።»

የገመድ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ ከተበላሸ ዓመት ሆኖታል፤ የሊፍት ጠጋኝ የሚኖርበት ሕንፃ ሊፍት የለውም፣ ጎረቤት ሁሉ በዚህ ይሥቃል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ድምፅ ሰሙ። ከባድ፣ ቀርፋፋ፣ ግድግዳው ውስጥ የሚያቃስት ድምፅ ነው። ገመድ የመላጣውን ክንድ ያዘ።

«የኛ ነው። አልተጣለም።»

«የት ነው የኛ የሆነው?» አለ መላጣው። «ይሄ የማን ቀብር ነው ደግሞ? እኔ ሸክላዬን አላውቀውም?»

በሩን ሲከፍቱ አማትየው ሳሎን መሃል ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የታከመውን እግራቸውን ከከበሮው እኩል ቀስ አድርገው ያነሳሉ፣ ቀስ አድርገው ያወርዳሉ። «ሃያ ስምንት» ይላሉ ለራሳቸው። «ሃያ ዘጠኝ።» ሸክላው በገመድ ማጫወቻ ላይ ይዞራል። ሠላሳ ሲሞላ ተነሡ፣ የገባውን እንግዳ በግንባራቸው ሰላም አሉ፣ «ቆዩማ፣ የቀረችኝን ወለል ልጨርስ» ብለው ማጫወቻው ጎን ያለችውን ትንሽ የፍጥነት መቀያየሪያ በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጓት። ሙዚቃው ከተኛበት ተነሥቶ ሩጫ ጀመረ። መወልወያውን አንሥተው ከሱ ጋር እኩል ይወለውሉ ገቡ።

«ይኸዋ» አለ መላጣው። «የኔ ሸክላ ይሄ ነው።»

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ገመድ።

ሁለቱም መቀያየሪያዋን አዩ። ገመድ ማጫወቻውን ከገዛ ጀምሮ ነክቷት አያውቅም፤ ያሉት ጥቂት ሸክላዎች ሁሉ በዝግታው ነበር የሚሄዱት። መላጣው ማጫወቻውን ከአጎቱ ነው የወረሰው፤ የሱ መቀያየሪያ ቀለም ፈስሶባት ፈጣኑ ላይ ተጣብቃ ቀርታለች፣ ያለው ሸክላ ደግሞ የዚሁ የአንዱ ግማሽ ብቻ ስለሆነ የሚያነጻጽርበት አልነበረውም። አንዱ በቀስታ፣ አንዱ በጥድፊያ፣ አሥራ ስምንት ዓመት አንድ ሸክላ ሰምተው ተጣሉ። በቀን ሃያ ጊዜ አንዱን ሞተር በሁለት ድምፅ የሚሰማው ሊፍት ጠጋኝ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ አማትየው መወልወያውን ተደግፈው። ነገሩን ሲረዱ ሸክላውን አነሡት፤ መነጽራቸውን አድርገው ከፊትም ከኋላም አነበቡት። «ፍጥነቱ አልተጻፈበትም» አሉ። ፊታቸው የምር ከፋው። «መጠኑ ያልተጻፈበት ነገር ሠላሳ አምስት ጊዜ ተረካከባችሁ? ሁለታችሁም? አንድም ሰው አልጠየቀም?»

«እማማ» አለ ገመድ። «ሌሎቹስ? ያስወገዷቸው?»

«ማን አስወገደ? ያለ ሦስተኛ ፊርማ?» ከአልጋቸው ሥር አንድ ካርቶን እየጎተቱ አወጡ፤ በፕላስተር ታሽጓል። ከቀሚሳቸው ኪስ ደግሞ ያ ጠዋት ይዘውት የቆሙት ወረቀት ወጣ። «ሦስተኛው ፈራሚ አንተ ነህ፣ ባለንብረት። ትናንት ማታ ላስፈርምህ ብል ‹ደህና እደሩ› ብለህ ገባህ። ዛሬ በር ላይ ብጠብቅህ ‹ደህና ዋሉ› ብለህ ሮጥክ። ይቺን ሸክላ ደግሞ ለብቻዋ አስቀመጥኳት፤ ጀርባዋ ላይ የርክክብ ፊርማ አለ፣ ቀኑን ብቆጥረው ዛሬ ስድስት ወር ይሞላዋል። ርክክብ ያለበት ንብረት አይወገድም። ወልውዬ፣ አዲስ ከረጢት አድርጌላት ስጠብቅህ ዋልኩ።» ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። «ስምንት ወር ቀን ቀን ብቻዬን ነኝ፣ ልጄ። አራት መቶውንም ሰምቻቸዋለሁ። በባዶ ሆድ የማይቻሉትን ከምግብ በኋላ ያልኩት ዝም ብዬ መሰለህ? አንድ ቀን ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።»

ገመድ አፈረ። ከተማውን ሲዞር የዋለው፣ ወንበር ላይ ወጥቶ የሰው ሰዓት የዳሰሰው፣ አንዲት ጥያቄ ፈርቶ ነው። ቅጹን ተቀበላቸውና አየው፤ ሠላሳ ሰባት መስመር ነው፣ ሁሉም በዚያ ቀጥ ያለ እጅ ጽሑፍ የተጻፈ።

«አልፈርምም፣ እማማ» አለ። «ሠላሳ ዓመት ቢሞላቸውም ይሠራሉ።»

«እንዲህ በለኝ እንጂ» አሉና ሠላሳ ሰባቱንም በማስመሪያ ሠረዙ። ታች አንድ ባዶ መስመር ቀርታ ነበር። ትንሽ አሰቡና ጻፉባት፦ ዓይነት፣ ክርክር፤ ብዛት፣ አንድ፤ ምክንያት፣ ጊዜው ያለፈበት። ሁለቱም ፈረሙ፤ እሳቸውም ፈረሙ።

ከዚያ ሠላሳ ስድስተኛው ርክክብ ተደረገ፤ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ። መላጣው ሸክላውን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆመ፤ ስድስት ወር የጠበቀ ሰው ነው። የአማትየው እጅ ጉልበታቸው ላይ ሄደ። መላጣው እጃቸውን አየ። በሩን አየ። እንደገና ጉልበታቸውን አየ። ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለና ከሠላሳ ስድስተኛው ሥር ሠላሳ ሰባተኛውን ጻፈ፤ አስረካቢ እኔ፣ ተረካቢ እማማ። «እስኪሻልዎት» አለ። «የኔ ማጫወቻ እንደሆነ ለጉልበት አይሆንም።»

እሳቸውም ፈርመው ተረከቡ፤ ዓይናቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ፣ ከዚያም የሸክላውን ጠርዝ በዚያው ጫፍ ጠረጉት። መላጣው በሩ እጀታ ላይ እጁን አሳረፈ፤ አልከፈተውም።

«ፈርሜያለሁ» አለ። «ግን ትክክለኛው ፈጣኑ ነው።»

ገመድ ሊመልስለት የሦስት ወር አየር ወደ ውስጥ ሳበ። አማትየው ቀደሙት፤ ቅጹን አንሥተው አዩት፣ ባዶ መስመር የለውም።

«ይሄኛው ገና አዲስ ነው፤ ጊዜው አላለፈበትም» አሉ። ከፕላስተሩ አንድ ቁራጭ ቀድደው መላጣው ደረት ላይ ለጠፉበት፣ ሁለተኛውን ገመድ ደረት ላይ፤ ሁለቱም ላይ የጻፉት አንድ ነው፣ ከምግብ በኋላ። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገብተው የልጃቸውን ጨምረው አራት ሳህን አወጡ።